የቀረውን የት አደረስሽው

ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልበትም። ስብሰባ ላይ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይጨፍራል፤ ለቅሶ ቤት ገብቼ ዓይኔ በሩ ላይ ነው፤ ሰው ሲያወራኝ ነገሩ የሚያልቅበት ቦታ ቀድሜ እደርስና እዚያ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ወሬ የሚያስረዝም ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ይህ ጠባይ ደግሞ እንጀራዬ ሆኖ ኖሯል፤ ስለዚህ ጉድለት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

ሰቆጣ ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ባለሙያ ነኝ። የተወለድኩት ግን ደሃና፣ ከአምደወርቅ በእግር ከሚደረስ መንደር ነው። አፌን የፈታሁት በኽምጣኛ ነው። አማርኛን የያዝኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሲሆን፣ ዛሬ በሁለቱም እኩል እጣላለሁ። ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ ከጎጃምና ከጎንደር ተመድበው የመጡ ናቸው። ገበሬው ደግሞ አማርኛ ቢሰማም የሆዱን የሚያወጣው በኽምጣኛ ነው። ስለዚህ ገጠር በተወጣ ቁጥር "እሷ ትምጣ" ይባላል። እሷ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ መኪናው ላይ የፊተኛው ወንበር የሚለቀቅልኝም ለዚሁ ነው።

በአስተርጓሚነት የታወቅሁት በፍጥነቴ ነው። አንድ ሽማግሌ ይነሣሉ፤ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ ከአባታቸው ዘመን ይጀምሩና በድርቁ ዓመት አልፈው፣ የጎረቤታቸውን በሬ አንሥተው፣ ምንጩ ድሮ የት ድረስ ይፈስ እንደነበር በከዘራቸው አሳይተው፣ እግዜርን አመስግነው ይቀመጣሉ። እኔ ወደ እንግዶቹ ዞር እልና "ውኃ ራቀብን ነው የሚሉት" እላለሁ። እንግዶቹ ይስቃሉ። "ይህን ሁሉ ተናግረው?" ይላሉ። እኔም እስቃለሁ። ገበሬዎቹም ይስቃሉ፤ ሁላችንም በአንድ ነገር የምንስቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ አለቃዬ በሰው ፊት "እሷ ባትኖር እዚሁ እናድር ነበር" ብሎ አመሰገነኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም።

እናቴ እዚያው ደሃና ነበር የምትኖረው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ያላገባው ታናሽ ወንድሜ አብሯት ይኖር ነበር፤ እሱም ባለፈው ዓመት ጉበቱን ታሞ፣ ከዚህ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ሲላክ አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። አስከሬኑን ይዤ የተመለስኩትም እኔ ነኝ። እናቴ "እንዴት ሆኖ ሞተ?" ስትለኝ "አልተሰቃየም፤ ተኝቶ ነው ያረፈው" አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ በዚያችው ቃል ሸኘሁት።

ከዚያ ወዲህ እሷ ዘንድ የምሄደው ሥራ ይዤ ነው። ስኳሩን፣ ዘይቱን፣ ሳሙናውን አስቀምጣለሁ፤ ጣሪያው የሚያፈስበትን አያለሁ፤ ገብሱን አስፈጫለሁ፤ ለጎረቤት "አደራ እሷን" እላለሁ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ወደ አምደወርቅ እሮጣለሁ። እንዲህ ስሯሯጥ ጥሩ ልጅ እንደሆንኩ ይሰማኝ ነበር። የመንደሩም ሰው እንዲያ ይል ነበር።

ዘንድሮ ክረምቱ ወጣ እንዳለ አንድ ዘመዳችን ደወለልኝ። እናቴን ሰውነቷ ከድቷታል፣ እህል አልቀምስ ብላለች አለኝ። ሄጄ ወደ ሰቆጣ አመጣኋት። ከቤት እስከ አምደወርቅ በእግር ነበር የሄድነው፤ በቅሎ ልፈልግ ስል እሷው ራሷ እምቢ አለች። መንገድ ላይ ግን "ቆይ ልረፍ" እያለች በየድንጋዩ ትቀመጣለች። እኔ ከፊቷ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ሚኒባሱ ይሄድብናል እላታለሁ። ተነሥታ ትከተለኛለች።

ሰቆጣ ገብተን አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ከጎጃም የመጣ ወጣት ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው የሚያከብር። "እናቴ፣ ምን ይሰማዎታል?" አላት። እናቴ በኽምጣኛ ጀመረች። አጀማመሯን አውቀዋለሁ፤ ስለ ጉልበቷ ልትነግርሽ ከሠርጓ ነው የምትነሣው። ያን ቀን የተነሣችው ወንድሜ ከመጣበት ቀን ነበር። አስከሬኑ ወደ ደጅ ሲገባ ማን ምን እንዳለ፣ እሷ የት እንደቆመች፣ ከዚያ ወዲህ አልጋዋ እንዴት እንደሆነ፣ ውኃ ማን እንደሚቀዳላት።  ስለ እሱ መስማት አልፈለግሁም። ደጅ ላይ ወረፋ አለ፤ ሐኪሙም ብዕሩን ይዞ ይጠብቃል።

"ምግብ አልበላ ብሏታል፣ ደረቷ ላይ ያስጨንቃታል፣ ድካም አላት" አልኩት።

"ሌላ ያሉት ነገር የለም? ብዙ ተናገሩ እኮ።"

"ልጇ ሞቶባት ነው፤ ሐዘን ነው።"

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ አደረገ። ስለ ምግቧ ጥቂት ጠየቀኝ፤ ያወቅሁትን ራሴው መለስኩ። የጨጓራ ክኒን አዘዘላት፤ ካልተሻላት ቶሎ እንድንመለስ ነገረኝ። አመስግኜው ወጣሁ። በባጃጅ ወደ ቤቴ ተመለስን።

ግቢ ገብተን እናቴ ነጠላዋን እያወለቀች ተናገረች። "እኔ ብዙ ነገርኩት፤ አንቺ ትንሽ ሰጠሽው። የቀረውን የት አደረስሽው?"

"በአማርኛ ሲሆን አጠር ይላል እኮ፣ እማ።"

"አማርኛ አልናገርም አልኩ እንጂ አልሰማም አልኩሽ? አምደወርቅ ገበያ ይህን ሁሉ ዘመን ስሸጥ ስገዛ በምን የኖርኩ መሰለሽ?"

"ለሐኪም የሚያስፈልገውን ነው የነገርኩት።"

"የሚያስፈልገውን የሚመርጠው እሱ ነው። አንቺ ምን ቤት ነሽ?"

 ተናደድኩ። ሥራዬን ጥዬ፣ ከአለቃ ፈቃድ ለምኜ፣ ከደሃና ድረስ ያመጣኋት እኔ፤ ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ፤ ጭራሽ ደግሞ ወቀሳ! ወጥ ልሥራ ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁና ሽንኩርቱን እንደ ጠላት ከተፍኩት። የምትለው እውነት ነው አይደለም ብዬ አላሰብኩም። ምስጋና ቢስ ናት ብዬ ብቻ ነው ያሰብኩት።

ክኒኑ ምንም አልፈየደላትም። እንመለስ ስላት "ካንቺ ጋር አልሄድም" አለች።

"ታዲያ ከማን ጋር?"

"ከዚያች ከጎረቤትሽ ጋር።"

ይቺ ጎረቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ናት። ትንንሾቹን በኽምጣኛ የምታስተምር፣ የአገሬ ልጅ፣ አብራኝ የተማረች። ጥሩ ሰው ናት፤ ወሬዋ ግን ማለቂያ የለውም። ሰላምታዋ ብቻ ሻይ ያቀዘቅዛል። ሽንኩርት ተወደደ ልትልሽ ከችግኙ ነው የምትነሣው። በአጥር በኩል ድምፅዋን ስሰማ ቤት ውስጥ የሌለሁ ለመምሰል ራዲዮ የምዘጋበት ጊዜ አለ። እኔ ቢሮ ስውል እሷ እናቴ ዘንድ እየገባች ትቀመጥ ኖሯል። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስገባ እናቴ ስትስቅ ደረስኩ። እኔን ስታይ ሳቋን ሰበሰበች። ቀናሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጣሁ። ቢሮ ተቀምጬ እነሣለሁ፤ ተነሥቼ የምሄድበት የለኝም። ወረቀት ላንብብ ስል "የት አደረስሽው" ትለኛለች እናቴ በጆሮዬ። አንድ ቀን ከፊቴ የምትቀመጠውን የጎንደር ልጅ ጠየቅኋት። "እኔ ሳስተረጉም የምታዪው ችግር አለ?"

"ኧረ! አንቺን የመሰለ ከየት ይገኛል" አለችኝ፣ ከኮምፒዩተሯ ቀና እንኳ ሳትል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እያሰብኩት ስሄድ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ይቺ ልጅ ኽምጣኛ አትሰማም። እኔ ምን እንዳስቀረሁ በምን ታውቃለች? አለቃዬም አይሰማም። ከሩቅ የሚመጡት እንግዶችም አይሰሙም። ይህን ሁሉ ዓመት ያመሰገኑኝ ሰዎች በሙሉ ያልነገርኳቸውን የማያውቁ ነበሩ። ሁለቱንም የሚሰሙትን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። በገበያው መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩና እግሬ ወዴት እንደሚወስደኝ እያወቅሁ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

አተር እየለቀመች ነበር። ሰላምታዋን እስክትጨርስ ጠበቅኋት፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የጠበቅሁት።

"አስተርጓሚነቴን እንዴት ነው የምታዪው?" አልኳት።

ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አደረገችና አየችኝ። "እውነቱን ልንገርሽ ወይስ ጎረቤት ሆኜ ልንገርሽ?"

"እውነቱን።"

"መጀመሪያ ተቀመጪ።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

"ይኸውልሽ፣ አንዱ እሱ ነው።"

ተቀመጥኩ። እሷም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገር አላስረዘመችም።

"ገጠር ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ? መቀስ ነው የሚሉሽ። መኪናችሁን ሲያዩ 'መቀሷ መጣች' ይባላል። ሽማግሌዎቹ አንቺ ስትኖሪ ነገር የሚያስረዝሙት አውቀው ነው፤ ስንቱን እንደምትጥዪ ሊያዩ ይወራረዳሉ። ሲስቁ አይተሽ አታውቂም?"

አይቻለሁ። አብሬያቸው ስቄያለሁ። 

"ሰውን የሚያስከፋው ግን እሱ አይደለም" አለች። "ሁሉንም ብትቆርጪ ጠባይዋ ነው ይባል ነበር። አንቺ መርጠሽ ነው የምትቆርጪው። ምስጋና ሲሆን አንድ ፍሬ አታስቀሪም። አቤቱታ ሲሆን ግማሹን ትጥያለሽ። ሰው እንባ ሲተናነቀው ደግሞ ጭራሽ ወዲያ ነው የምትዪው። የሚያምሽን ነገር አፍሽ ላይ ማቆየት አትወጂም።"

"አንቺ ደግሞ ሰው እስኪያንቀላፋ ታወሪያለሽ!" አልኳት። ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

"አውቃለሁ። ባሌ በየቀኑ ይነግረኛል። አንቺን ግን ማን ይንገርሽ? አታስጨርሺም እኮ።"

አተሯን መልቀም ቀጠለች። ተነሥቼ ወጣሁ፤ ደህና ዋይ እንኳ አላልኳትም። በንዴት ብዛት ቤቴን አልፌ ሄድኩ። ማን ናት እሷ? ሕፃናት ፊደል ስታስቆጥር የምትውል፣ እኔ በስንት ስብሰባ ፊት የቆምኩ! እያልኩ እየተብሰለሰልኩ ስሄድ፣ ከስድቡ ሥር አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። የተናገረችው ሁሉ የማውቀው መልክ ነበረው። እነማን መቼ ምን ሲሉ እንደጣልኩባቸው፣ እሷ ሳትነግረኝ፣ አንድ በአንድ ይታየኝ ጀመር።

በማግስቱ ሰቆጣ ዙሪያ ለመስክ ወጣን። ዛሬ አንድም ቃል አልጥልም ብዬ ምዬ ነበር። አንዲት ባልቴት ተነሡና ስለ ግጦሹ መሬት ተናገሩ። ከግጦሹ ወደ ሞተችው ላማቸው ሄዱ፤ ከላሟ ወደ ልጅ ልጃቸው ሄዱ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። ሁሉንም ይዤው ነበር። አፌን ስከፍት አለቃዬ ሰዓቱን አየ። "ግጦሹ ይከለልልን ነው የሚሉት" አልኩ። ባልቴቲቱ አዩኝና ተቀመጡ። እስከዚያ ሳላውቅ ነበር የምቆርጠው፤ አሁን ደግሞ አውቄ ቆረጥኩ። ስመለስ መኪናው ውስጥ ራሴን እጠላው ነበር። ጉድለትን ማወቅ ብቻውን የሚያድን ይመስለኝ ነበርና ይህ አስደነገጠኝ።

በነጋታው ጠዋት ቁርስ ይዤ ወደ እናቴ ስገባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ብርድ ልብሱን ከጀርባዋ አጥፋ፣ ተቀምጣ አገኘኋት። አልጋው ያልተተኛበት ነው።

"እማ፣ ለምን አልተኛሽም?"

"ስጋደም ውኃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል። ትንፋሽ ያጥረኛል። ወንድምሽ ከተቀበረ ወዲህ ተጋድሜ አላደርኩም። ንገሪው ብዬ ነግሬሽ ነበር እኮ።"

አዎ ነግራኛለች። ሐኪሙ ፊት ብላዋለች። "ልጄ ከሄደ አልጋዬ ላይ ተኝቼ አላውቅም" ያለችውን ሰምቼው ነበር፤ ለቅሶ መስሎኝ ጣልኩት። አጎንብሼ እግሯን አየሁት። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ያብለጨልጫል። ጣቴን ሳሳርፍበት ሰርጎ ቀረ። ፈራሁ። ወንድሜን ይዤ በመጣሁ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፤ ያኔ ያለቀ ነገር ነበር። ይቺን ግን በገዛ አፌ ላጣት እንደምችል ገባኝ።

ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ ጎረቤቴ ዘንድ ሮጥኩ። "ነይልኝ፤ አንቺ አስተርጉሚላት" አልኳት። ነጠላዋን ያዘች። የምታስተምረው ከሰዓት በኋላ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ እናቴ በእጇ ከበሩ አጠገብ ያለውን አግዳሚ አሳየችኝ። "አንቺ እዚያ ተቀመጪ። አትናገሪ።" ሐኪሙ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ጎረቤቴ ከእናቴ ጎን ወንበር ሳበች።

እናቴ አንድ ቃል ትላለች፤ ጎረቤቴ ታስቆማትና ያንኑ በአማርኛ ትላለች፤ ከዚያ ቀጣዩ። እንዲህ እያሉ ከወንድሜ ቀብር ተነሡ። እኔ አግዳሚው ላይ እሳት ላይ እንደተጣደ እቁነጠነጣለሁ። እግሬን በእግሬ ረገጥኩት። ውኃ ይቀዳላት የነበረው እሱ እንደነበር ተናገረች። ከምንጩ ስትመለስ ስንት ጊዜ እንደምታርፍ ተናገረች። ተቀምጣ እንደምታድር ተናገረች። ከዚያ ወደ አምደወርቅ የሄድንበትን መንገድ አነሣች።

"ልጄ ሰዓቷን እያየች ስታስቸኩለኝ ትንፋሼን ደብቄ ተከተልኳት" አለች። ጎረቤቴ አስተረጎመችው።

"ይቺ ልጄ ደግ ናት" አለች እናቴ። "ስኳር ታመጣልኛለች፣ ጣሪያ ታሠራልኛለች። አጠገቤ ግን ቁጭ አትልም። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ዓይኔን አይታኝ አታውቅም።"

እዚህ ላይ ጎረቤቴ ቆመች። ወደ እኔ ዞር አለች።

"ቀጥዪ" አለቻት እናቴ።

አስተረጎመችው። አንዲት ቃል አላስቀረችም፤ እኔው በተቀመጥኩበት፣ በማላውቀው ወጣት ፊት። ይህ ለሐኪም ምን ያደርጋል ልል አፌ ድረስ መጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐኪሙ ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

"ተጋድመው አይተኙም ነው ያሉት? ዳገት ላይም ያርፋሉ?" ብሎ ተነሣ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ፣ ከዚያም ጀርባዋ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። እግሯን ተጫነው። ወደ እኔ ሲዞር ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር በተሻለኝ። "ይህን መጀመሪያውኑ ሰምቼ ቢሆን" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ለልብ አልትራሳውንድ ጻፈላት።

ውጤቱ እስኪደርስ ከሰዓት ሆነ። ጎረቤቴ ተማሪዎቿ ስለሚጠብቋት ሄደች። ስትሄድ ትከሻዬን ቸብ አደረገችኝ። ሐኪሙ ሲጠራን እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። ወንበሩን ሳብኩና ከጎኗ ቆምኩ።

"ተቀምጠሽ ንገሪኝ" አለች እናቴ። "ሳትቆርጪ።"

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ እኔም ቀስ ብዬ ተከተልኩት። ልቧ ደክሟል፤ ደም በደንብ አይገፋም፤ ስለዚህ ውኃ ሳንባዋና እግሯ ላይ ይጠራቀማል። መድኃኒቱ ውኃውን ያወጣዋል፤ ተጋድማ እንድትተኛ ያደርጋታል። ጨው መቀነስ አለባት። ውኃ መሸከም፣ ዳገት መውጣት የለም። ወደ ደሃና ተመልሳ ብቻዋን መኖር አትችልም። ይህን ስላት ቅንድቧ ተሰበሰበ፤ ቢሆንም ነገርኳት። ከዚያ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"መድኃኒቱ ያግዛቸዋል እንጂ ልባቸውን እንደ ድሮው አያደርገውም። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ድንገት ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ይህን አውቆ ቢጠብቅ ጥሩ ነው።"

አፌ ውስጥ ሌላ ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። "መድኃኒቱን በሥርዓቱ ከወሰድሽ ደህና ትሆኛለሽ ይላል።" ምላሴ ላይ ነው። ማንንም የማያስከፋ፣ አጭር። እናቴ ከንፈሬን ታያለች። እሷ አማርኛውን እንደሰማችው አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። እንዲያም ሆኖ ከብዶኝ ነበር።

"ልብሽ እንደ ድሮው አይሆንም ይላል" አልኳት። "ድንገት ልትሄጂብን ትችያለሽ ይላል።"

 እናቴ ራሷን ነቀነቀች። "እንዲያ ነው ያለው" አለች።

ደጅ ወጥተን ግድግዳው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ አሳረፍኳትና ባጃጅ አስቆምኩ። የመድኃኒቱን ፌስታል ይዤ፣ መግቢያውን ከፍቼ፣ "ነይ እማ" እላለሁ። እሷ አልተነሣችም።

"የወንድምሽንስ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"'ተኝቶ ነው ያረፈው' ነው ያልሽኝ። እኔ ነኝ የወለድኩት። እሱ እንዲያ ባጭሩ የሚሄድ ልጅ አልነበረም። ምን አለ?"

ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ልቤ እንደ ሁልጊዜው ወደ ፊት ሮጠ፤ ቤት ገብተን እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ መድኃኒቱን ዋጪ፣ ሹፌሩ ይቆጣል። እሷ ግን ከአጠገቧ ያለውን ቦታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ሹፌሩን "ሂድ" አልኩት። ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ እሷ እንደምትጀምረው ጀመርኩ፤ ከመንገዱ፣ ከሆስፒታሉ በር፣ ከአልጋው፣ ከመስኮቱ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ እንደነበር ነገርኳት። በሶ አምሮት እንደነበር፣ እኔ ከተማውን ዞሬ እንዳጣሁለት ነገርኳት። እንደተሰቃየም ነገርኳት። መጨረሻው ሲቃረብ ብዙ ያወራ ነበር፤ ስለ ፍየሎቹ፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ እሷ። እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜ መድኃኒት የምታመጣውን ነርስ በዓይኔ እየፈለግሁ ነበር። ይቃዣል ብዬ ነበር።

"ስለ እኔ ምን አለ?"

"ላንቺ የላከው ነበር" አልኳት። "ፍየሎቹን አትሽጪ ብሏል። ከታችኛው ምንጭ አትቅጂ ብሏል፤ ዳገቱ..."

እዚያ ላይ ቆምኩ። ለእሷ እየነገርኩ ሳለ ነው ራሴ የሰማሁት። ያን ጊዜ ጆሮዬ ሥር ተናግሮት፣ እኔ ደግሞ አላደረስኩትም፤ ለእሷም፣ ለሐኪምም፣ ለራሴም።

"'ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ እየቆመ ነው፤ እናታችንን ሐኪም ቤት ውሰጃት' ብሎኝ ነበር" አልኳት።

 እናቴ ፌስታሉን ከእጄ ወስዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና እጄን ያዘችኝ።

"ከዚያስ?" አለችኝ።